ለዲኑ ስልክ የተላኩ ሽማግሌዎች

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ያደረግሁትን ሁሉ ዛሬም መልሼ አደርገዋለሁ። ይህን የምለው፣ ወጉን እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ በኋላ አንዳንዶቻችሁ «ምስኪን፣ ይሄኔ ተጸጽታለች» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። አልተጸጸትሁም። ጎንደር ከተማ፣ ፒያሳ መሀል፣ የኮሌጅ ዲን ከዋይፋይ በር ላይ ያቆመች ሴት እኔ ነኝ። ሐውልት ይሠራልኝ አላልሁም፤ ግን ስሜ በክፉ ሲነሳ ዝም ብዬ አልሰማም።

የሚገርመው እኔ ሰው መከልከል የማላውቅ ሴት መሆኔ ነው። የተወለድሁት ትክል ድንጋይ፣ ገበያው ጥግ ነው። አባቴ የቤቱን በር የሚዘጋው ለጅብ ብቻ ነበር። በገበያ ቀን ከቆላም ከደጋም የመጣ ሰው ሲያልፍ «እንደምን ዋላችሁ» ካለ በቃ፣ ገባ ማለት ነው። ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ የሚባለው ከበላ በኋላ ነው። መደቡ ላይ አጎዛ የሚነጠፈው ለእንግዳ፣ ወተቱ የሚቀዳው ለእንግዳ፤ እኛ ልጆች ግድግዳ ተደግፈን የእንግዳውን እጅ በዓይናችን ስንከተል እናመሻለን። ልጆች ያልጠገቡበትን ቤት ማንም አያማውም፤ እንግዳ ያልጠገበበት ቤት ግን ወሬው ዛሪማ ይደርሳል። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ጉድ ስለሚያፈላብኝ ነው።

ኮሌጁ ፒያሳ ላይ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁትም ምንም አልቀረባችሁ። ታች ሱቅ፣ ላይ ኮሌጅ ነው። ባለቤቱ ሐጂ ሰዒድ ናቸው፤ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ በጎንደር ገበያ ጨርቅ ሲለኩ የኖሩ ነጋዴ። ዕድሜያቸው ሲገፋ «ጨርቅ ያልቃል፣ ትምህርት አያልቅም» አሉና ከሱቁ በላይ ያለውን ፎቅ ኮሌጅ አደረጉት።

እኔ የተቀጠርሁት በጸሐፊነት ነበር። የመጀመሪያው ኮምፒውተር በካርቶን ታሽጎ ሲመጣ መምህራኑ ዙሪያውን ቆመው ሲያዩት፣ ደፍሬ ማብሪያውን የተጫንሁት እኔ ነኝ። በዚያች አንዲት ጣት ምክንያት ይኸው እስከ ዛሬ እቀጣለሁ። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ እኔ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ እኔ፣ የሐጂ ስልክ ቋንቋው ወደ ቻይንኛ ሲገለበጥ እኔ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባላል፤ እሾሁ በዛ እንጂ። በመጨረሻ በሬ ላይ «የአይሲቲ ክፍል ኃላፊ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ክፍሉ ማለት እኔ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ እንዲሁም ዕቃ ቤት ውስጥ ከመወልወያና ከበረኪና ጋር የሚኖር አንድ ሰርቨር ነው። ሹመቱ ደመወዝ አልጨመረም። ግን የሚሽከረከር ወንበር ተሰጠኝ። ከእናቴ ቤት ጀምሮ በርጩማ ላይ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ያንን ወንበር እወደው ነበር። ሰው ሳይኖር በሩን ዘግቼ አንዴ እዞርበታለሁ። ይህንንም ያዙልኝ።

ያን ዓመት የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ ነበር። ለምን እንደ ጠፋ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም የምጽፈው ወግ እንጂ ዜና አይደለም። ኢንተርኔት የቀረው የሽቦ መስመር ላለው ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ ነበረን። ከተማው ይህን ሲሰማ ወደ አጥራችን መጣ። ባጃጆች በራችን ላይ ተሰልፈው ሰው አንጭንም አሉ። ከማዶ ካፌ ማኪያቶ ያዘዘ ሰው ብርጭቆውን ይዞ ወደኛ ግንብ ይሻገራል። ግንቡን የተደገፈው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ስለሚቆም፣ የማያውቅ ሰው ቢያይ ከተማው በሙሉ ንስሐ የገባ ይመስለው ነበር።

ፓስወርዱን ማን ሰጣቸው? ጥበቃው አያ ጓዴ። አያ ጓዴ የላይ አርማጭሆ ሰው፣ ያገሬ ልጅ ናቸው። የራሳቸው ስልክ ባለ መብራቷ ትንሽ ስልክ ስለሆነች ኢንተርኔት የሚባለውን ነገር በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ፓስወርዱን ግን እንደ ጸሎት በቃላቸው ይዘውታል። የጠየቃቸውን ሁሉ አስቁመው ቀስ እያሉ ያስጽፉታል፤ የተሳሳተውን አርመው ይደግሙለታል። ነገሩን ደርሼበት ምነው አያ ጓዴ ብላቸው አዘኑብኝ።

«ምነው እታለም፣ ሰው ደጅሽ ቆሞ ውኃ ቢለምንሽ ጉድጓዱ ይደርቃል ብለሽ ትከለክያለሽ? እኔስ ይህን ነውር አልሠራም» አሉኝ።

ያደግሁበት ቤት በሳቸው አፍ ሲናገር ነው የሰማሁት።

ጉድጓዱ ግን ደረቀ። በዚያው ሰሞን ተመራቂዎቻችን ለብቃት ምዘና የሚመዘገቡት በኢንተርኔት ብቻ ነው ተባለ። የተማሪው ስም፣ ፎቶና ውጤት ተጭኖ ካልሄደ አይፈተንም፤ ካልተፈተነ ማንም አይቀጥረውም። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ የአንዲት ተማሪ ፎቶ ልትልክ ትጫናለች፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ መዞር ትጀምራለች፣ ምሳ በልታ ስትመለስም ክቧ ትዞራለች። ከአርማጭሆና ከደባርቅ ቤተሰባቸው በግ ሸጦ ያስተማራቸው ልጆች ደጃችን ተኮልኩለው «ሄደልኝ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ያኔ ነው ዲናችን ከሥልጠና የተመለሰው።

ዲናችን አቶ መልካሙ ይባላል። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው፤ ይህ ወግ ግን የራሴ ስለሆነ እዚህ «እሱ» ነው። በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ ይሆናል። አዲስ አበባ ሰንብቶ ሲመጣ አንድ ቦርሳ፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ ቃል ይዞ መጣ። ቃሉ «ኔትወርክ አክሰስ ኮንትሮል» ነው። ሲያስረዳኝ ነገሩ ከባድ አልነበረም። በኔትወርኩ በር ላይ የሚቆም ሶፍትዌር ነው። የሚመጣውን ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ማን ነህ ይለዋል፤ ተመዝግበሃል ወይ፣ ጤነኛ ነህ ወይ ይለዋል። መልሱ ካማረው ያስገባዋል፤ ካላማረው ማቆያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ነፃ ነው፣ አውርደሽ ጫኚው አለኝ። እኔ ይህን ሥራ አልተማርሁትም አልሁት። ለጀማሪዎች የተጻፈ መመሪያ አለው፣ ጸሐፊም ሆነሽ ማንበብ አያቅትሽም አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የተማሪዎቹ ምዝገባ በዚህ ምክንያት ከቀረ ከአዲስ አበባ ባለሙያ እንደሚያስመጣና እኔ መዝገብ ቤት እንደምወርድ ነገረኝ። መዝገብ ቤታችን ከምድር በታች ነው። ወንበሩ የእንጨት ነው።

መመሪያውን ከፈትሁት። የመጀመሪያው መስመር «ከመጀመርዎ በፊት የሚከተሉትን ማወቅዎን ያረጋግጡ» ይልና የማላውቀውን ሁሉ ይደረድራል። ያንን ሁሉ ባውቅ ጀማሪ ማን ያሰኘኛል? ተናደድሁ። ንዴት ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ከንዴቴ የተነሳ ቪዲዮ ፈለግሁ። አንድ ሕንዳዊ መምህር ነገሩን ከሀ ጀምሮ የሚያስረዳበት ቪዲዮ ተገኘ። እኛ ፊዚክሱንም ከሕንድ መምህራን ስለተማርን አነጋገሩ አልከበደኝም። የከበደኝ ቪዲዮው አለመከፈቱ ነው። የኢንተርኔት ሌቦቹን ለማባረር ቪዲዮውን ማየት አለብኝ፣ ቪዲዮውን እንዳላይ ደግሞ ሌቦቹ መንገዱን ይዘውታል። መላው ጎህ ሲቀድ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይነሱ መምጣት ሆነ። አያ ጓዴ በማለዳ በር ሲከፍቱልኝ የትኛውን ቤተ ክርስቲያን ስሜ እንደመጣሁ ይጠይቁኝ ነበር።

እንዴት እንደ ጫንሁት አላሰለቻችሁም። ሦስት አራቴ አስጀመርሁት፣ መሀል ላይ መብራት ሄደ፣ እንደ ገና አስጀመርሁት፣ አንዴ መወልወያው ወድቆ ገመድ ነቀለ። በመጨረሻ ግን ገጹ ተከፈተና እንደ ባለሥልጣን ጥያቄ ይጠይቀኝ ጀመር። ሰዎችሽን በጎራ ለዪያቸው አለኝ። ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ እንግዳ ብዬ ለየሁ። የማይታወቅ ስልክ ሲመጣ የት ይግባ አለኝ። እንግዳ ይሁን አልሁ፤ ሌላ ምን ይሆናል? ለእያንዳንዱ ጎራ ከኢንተርኔቱ ምን ያህል ይድረሰው አለኝ።

እዚህ ላይ ነው የአባቴ ልጅ የሆንሁት። እጄ ያለ እኔ ፈቃድ ሄደ። ለሠራተኛ ትንሽ፣ እኛማ የቤት ነን። ለተማሪ ትንሽ ከፍ ያለ። ለእንግዳ የቀረውን ሁሉ። ደግሞስ እንግዳ ይመርመር፣ ይጠየቅ ወይ ቢለኝ ደነገጥሁ፤ ከመብላቱ በፊት? አይጠየቅ አልሁት። ሌላ ሰው ቢሆን እንግዳ የሚለውን ሲያይ ተጠራጥሮ ጠበብ ያደርገው ነበር ይሉኛል። ይሆናል። እኔ ግን ለእንግዳ ቅንጣቢ አቅርቤ፣ የቤቱ ሰው ሰፌዱን ይዞ ሲበላ ማሰቡ ራሱ አሳፈረኝ። ቁልፉን ተጭኜ፣ የሚሽከረከረው ወንበሬ ላይ አንዴ ዞሬ፣ ረክቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በማግስቱ ፒያሳ ሠርግ ቤት ሆነ። ግንቡ ሥር ሰው ፊልም በሙሉ ያያል። ሳይደውልለት የቆየ ልጁን ከውጭ አገር ያገኘ አንድ ሽማግሌ ስልኩን እየሳመ ያለቅሳል። አንድ ባጃጅ ነጂ የአያ ጓዴን ትከሻ ስሞ መረቃቸው፤ እሳቸውም ምርቃቱን ተቀብለው ወደ እኔ መስኮት አንጋጠው ባርኔጣቸውን አነሱ። ውስጥ ደግሞ የሬጅስትራሯ ክብ መዞሯን ጨርሳ ተወች። ሞተች።

አቶ መልካሙ መጥቶ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ለባጃጅ ነጂው ሰፊውን፣ ለሬጅስትራሯ ጠባቡን የሰጠሁበትን ምክንያት ጠየቀኝ። አስረዳሁት። እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን ብረት ነው፤ ሁለት ቀን ብንታገሥ ራሳቸው ያፍራሉ አልሁት። ራሱን ይዞ ወጣ። ስህተት ነው፣ አልክድም። ስሳሳት እንኳ ግን ሰው ያስለቀስሁት በደስታ ነው፤ እንደዚህ ተሳስቶ የሚያውቅ ዲን አምጡልኝ።

ደጅ የተኮለኮሉትን ተማሪዎች ሳይ ግን ኩራቴ ረገበ። አንዷ የዛሪማ ልጅ ነበረች፤ ሄደልኝ ብላ መጠየቋን ትታ ዝም ብላ ነበር የምታየኝ። ከጥያቄዋ ዝምታዋ በላኝ። በልቤ አባቴን ይቅርታ ጠይቄ ገባሁና በሩን ዘጋሁት። በአካል መጥቶ ያልተመዘገበ ስልክ አይገባም አልሁ። ተመዝግቦም አፕዴት ያላደረገ ማቆያ ይቆያል አልሁ። እንግዳ የሚለውን ጎራ ከነድርሻው ሰረዝሁት። ቁልፉን ተጫንሁ።

መጀመሪያ የተዘጋው የኔው ኮምፒውተር ነው። «ይህ መሣሪያ አይታወቅም» አለኝ። እኔን! የኮሌጁን የመጀመሪያ ኮምፒውተር በጣቷ ያስነሳችውን! ዕቃ ቤት ገብቼ፣ የበረኪና ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬ፣ ሰርቨሩ ላይ ራሴን እንደ አዲስ ተቀጣሪ መዘገብሁ። ቀጥሎ ፕሪንተሩ አለፈ። ፕሪንተር ሲሉት ይታዘዛል፣ አይከራከርም፣ ወዲያው ገባ። ሰው ሁሉ ውጭ ሆኖ ኔትወርኩ ውስጥ እኔና ፕሪንተሩ ብቻ የነበርንበት ሰዓት ነበር። ሰላማዊ ሰዓት ነበር።

ከዚያ ሰልፉ መጣ። መምህር፣ ጽዳት፣ ተማሪ ሁሉ ስልኩን ይዞ በሬ ላይ ቆመ። አንዳንዱ ስልክ ከተገዛ ጀምሮ አፕዴት አይቶ አያውቅም። ስልኮቹ ውስጥ ያየሁትን አልናገርም፤ ነጠላ ለብሰው የሚያስቀድሱ ሰዎች አሉበት። ከግንቡ ሥር ንስሐ የገባው ሕዝብ ተበተነ፣ ባጃጆቹ ሰው መጫን ጀመሩ። አያ ጓዴ ሰላምታ ነሱኝ። ጉድጓዱን ደፈንሽው ማለታቸው ነው፤ አልተናገሩኝም፣ ግን በሩን ሲከፍቱልኝ ፊታቸውን ወደ ፋሲል ግቢ ያዞሩ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከፋኝ። ከሬጅስትራር ቢሮ ግን «ሄደ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፎቶ ተጫነ፣ ሄደ። ሌላ ተጫነ፣ ሄደ። የዛሪማዋ ልጅ ስሟ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሰልፉ ውስጥ ያልነበረው አንድ ሰው ነው። ዲን ወረፋ አይቆምም። መጀመሪያ በጸሐፊው በኩል ስልኬን አስገቢ ብሎ ላከብኝ፤ ይምጣና ልየው ብዬ መለስሁ። እንደ ገና ላከ፣ እንደ ገና መለስሁ። በመጨረሻ ራሱ በሬ ላይ ቆመ።

«እኔን አታውቂኝም?» አለኝ።

«እርስዎን አውቃለሁ። ስልክዎን ግን አላውቀውም» አልሁት።

ስልኩ ከሁሉም የባሰ ነበር። አንዳች በሽታ ይዞታል፤ ማቆያው ውስጥ ሆኖ እንኳ ያለማቋረጥ በሩን ይደበድባል። ያ ስልክ ቢገባ ብቻውን የባጃጆቹን ሁሉ ያህል ይበላል፤ የምዝገባው ማብቂያ ደግሞ ደርሷል። ይተዉልኝና ላክመው፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው አልሁት። ስልኬን ለጸሐፊ አልሰጥም አለ። አፕዴትም ምርመራም ሳያስፈልገው ዝም ብለሽ አሳልፊው፣ ትእዛዝ ነው አለ። ወይ ፍንክች ያባ ቢላዋ ልጅ! ለሁሉ ከፍቼ ያየሁትን አይቻለሁ፤ አሁን ለአንድ ሰው ብዬ አልከፍትም አልሁት። ይህን ሶፍትዌር ያዘዙኝ እርስዎ አይደሉም ወይ ብዬ ብጠይቀው ያዘዘው ለሌላ ሰው መሆኑን ነገረኝ። በአገራችን ሕግ የሚያወጣ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስበው።

በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። ሐጂ ሰዒድ፣ የሥነ ምግባር አስተማሪያችን መሪጌታ እና አያ ጓዴ ተሰልፈው ቆመዋል። ሽማግሌ ተልኮብኛል። በስልክ ጉዳይ! ሰው ለትዳር ሽማግሌ ይልካል፣ ለደም ይልካል፤ ለዋይፋይ የላከ የመጀመሪያው ሰው አቶ መልካሙ ነው። ክፍሌ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ስለሆነ ሌላ ላስመጣ ብል መሪጌታ ከለከሉኝ፤ እሺ ሳትይን አንቀመጥም አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው «ይቅር ለእግዚአብሔር በይ» አሉኝ።

ይህን ቃል የሰማ የአገራችን ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሽማግሌ መልሶ የሰደደ ቤት ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ለማን ነው ይቅር የምለው ብዬ ጠየቅሁ። ተያዩ። ለስልኩ ነው አሉ አያ ጓዴ። ስልኩ አልበደለኝም፣ ታሟል፣ ይታከም ነው የምለው አልሁ። ሐጂም በደል ካለ ካሳ ይቆረጥ አሉ። ካሳ አልፈልግም፣ ስልኩ ይምጣ አልሁ። ሽማግሌዎቹ ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ተማከሩና ተመለሱ። ዋስ እናቀርባለን አሉ። የስልኩ ዋስ አያ ጓዴ ናቸው፤ ያ ስልክ ኔትወርኩን ቢበድል እሳቸው ይጠየቃሉ።

ዋይፋይ አይተው የማያውቁ ሰው! ሶፍትዌሩ ዋስ የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለው በትሕትና አስረዳሁ። አያ ጓዴ በኔም በሶፍትዌሩም ተቆጡ።

«ምነው፣ ዋስ የማይቀበል ምን ዓይነት ዳኛ ነው?» አሉ።

እውነት ለመናገር ለእኔም ዋስ ቢቀበል ሸጋ ነበር። እሺ ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሽማግሌ ቆሞ እኔ ፊታቸው ስክሪን ተደግፌ መቆሜ አሳፈረኝ። ያን ጊዜ በመስኮት ታች ደጁ ላይ ስማቸው ገና ያልሄደ ተማሪዎች ተቀምጠው አየሁ። ወደ ሐጂ ዞርሁ።

«ሐጂ፣ ወዳጅዎ ሱቅዎ ሊያድር ቢመጣ ያስገቡታል። የተቆለፈ ቦርሳ ይዞ፣ ከውስጡ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ እየሰሙ፣ ቦርሳዬ አይከፈት ቢልዎትስ?» አልኋቸው።

ሐጂ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። ከጨርቅ ጋር የኖሩ ሰው ስለሆኑ ምን እንዳሰቡ ገብቶኛል፤ አይጥ ነው ያሰቡት።

«ወዳጄ ይግባ፣ ቦርሳው ደጅ ይደር» አሉ። ከዚያ የመጡበትን ነገር አስታወሱና ሳቃቸው መጣ። መሪጌታም ሳቁ። አያ ጓዴ ብቻ አልሳቁም፤ ዋስነታቸው ተንቆባቸዋል።

ሽማግሌዎቹ ለዲኑ ስልክህን አስመርምር የሚል ፍርድ ይዘው ተመለሱ። ምዝገባው በጊዜው አለቀ፤ አንድም ተማሪ አልቀረም። ዲኑ ግን ሽማግሌ ልኮ የተፈረደበት ሰው ሆነ፣ ወሬውም ከፒያሳ አልፎ አራዳ ደረሰ። በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሬያለሁ። ሐጂ ዘንድ ሄድሁ። ማስተዳደሩን ለሱ ሰጥቻለሁ፤ ለክቶ የሰጠ ነጋዴ ጨርቁን መልሶ አይቆርጥም አሉኝ። ተቀየምኋቸው፣ ዛሬም ትንሽ ቅያሜ አለኝ።

ርክክብ ተደረገ። ኮሚቴ መጥቶ ጠረጴዛውን፣ ስቴፕለሩን፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ፣ መወልወያውን ሳይቀር ተረከበኝ። ወንበሩን ሲወስዱት ዓይኔን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። የሰርቨሩን ፓስወርድ ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቁኝም። ሌላ የምትረከቡኝ ነገር አለ ወይ ብዬ ራሴ ጠየቅሁ፤ የለም፣ ፈርሚ አሉኝ። ፈረምሁ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እኔ አልበላሁም፣ ግን አልቆጨኝም። ደረጃውን ወርጄ እንጨቷ ወንበር ላይ ተቀመጥሁና ፋይል ማራገፍ ጀመርሁ።

ባለሙያው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣ። ጥቁር መነጽር ያደረገ ጨዋ ልጅ ነው፣ ጥፋትም የለበትም። እኔ ክፍል ገብቶ፣ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ላፕቶፑን ሰካ። «ይህ መሣሪያ አይታወቅም» አለው። ስልኩን አወጣ፤ እሱንም አያውቀውም። የዲኑን ላፕቶፕ ተዋሰ፤ እሱማ ከስልኩ የባሰ በሽተኛ ኖሮ ማቆያ ገባ። ዕቃ ቤት ገብቶ ሰርቨሩ ፊት ቆመ፤ ሰርቨሩም የይለፍ ቃል አለው። ኮሌጁ አዲስ ሁለት መምህራን ቀጥሮ ነበር፤ እነሱም ደጅ ቀሩ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ፋይል ሊወስዱ ከሚመጡት ሰዎች ነው፤ በየሰዓቱ ፋይል የሚፈልግ ሰው በዛ።

በሦስተኛው ቀን ከደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ከፊት ሐጂ፣ ቀጥሎ መሪጌታ፣ አያ ጓዴ፣ ባለሙያው፣ ከኋላ ደግሞ ስልኩን በእጁ የያዘው አቶ መልካሙ። ቁጭ በሉ አልኋቸው፣ የሚቀመጡበት ባይኖርም። እሺ ሳትይን አንቀመጥም አሉ መሪጌታ። ባለሙያው ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል።

«ይህ ልጅ ዋስ አለው ወይ?» አልሁ።

አያ ጓዴ ከኋላ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ አለሁለት» አሉ። ያን ቀን ሰላምታ መለሱልኝ ማለት ነው።

ፓስወርዱን አልደብቅም፣ የኮሌጁ ነው፣ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ነው ይዤው የወረድሁት አልሁ። አሁንም እሰጣለሁ። መጀመሪያ ግን ወንበሬ ይምጣ። ወደ ላይ አልወጣም፤ ከዛሬ ጀምሮ መግባት የሚፈልግ ሁሉ ወርዶ ይመዘገብ። ሐጂ ዲኑን አዩት። አቶ መልካሙ ደረጃውን ወጣ። ቆይቶ የወንበሩ ጎማ በየደረጃው እየተንኳኳ ሲወርድ ሰማሁ። ራሱ ነው የያዘው።

ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ምርመራውን አስጀመርሁት፣ ክቧ መዞር ጀመረች። አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሌሎቹ ሄዱ፤ ክፍሉ ውስጥ እኔና እሱ፣ ሁለት ወንበር ቀረን። ባደግሁበት ቤት የተሻለው መቀመጫ ለእንግዳ ነው። አባቴ አይቶኝ ቢሆን ያፍርብኝ ነበር። እንጨቷን ለዲኑ ጠጋ አደረግሁለትና በሚሽከረከረው ላይ ተቀመጥሁ።